ደረቅ ወንዝ አይታመንም
(ከሐረር ወደ ዳከታ ሸለቆ የአንድ ቀን የቤተሰብ ጉዞ)

ሐረር ሲባል የብዙዎቻችን ዓይን ፊት ድቅን የሚለው ጀጎል ነው። ከዚያ ጅቡ ይከተላል፤ ከዚያ ቡናው፤ ከዚያ ደግሞ የራምቦ ቤት። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድም ቅዳሜ በሮቹን ዞሮ ያያል፣ ማታ ጅብ ሲበላ ይመለከታል፣ እሁድ ጓዙን ሸክፎ ይሄዳል። ይህ ክፋት የለውም። ይሁን እንጂ ከጀጎል በሮች በምሥራቅ በኩል ያለውን ኤረር በርን (በሐረሪኛ አርጎብ በሪ የሚባለውን) ጀርባ ሰጥቶ በጂግጂጋ መንገድ ለሚጓዝ ሰው፣ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ፍጹም ሌላ አገር ይጠብቀዋል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተቆለለበት፣ ወንዙ ውሃ ሳይሆን አሸዋ የሆነበት፣ ግራርና ቁልቋል ብቻ የበዛበት አገር ነው። ስሙ ዳከታ ሸለቆ ይባላል። የቱሪዝም መጽሔቶች ደግሞ "የድንቅ ሸለቆ" ይሉታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሸለቆውን ማስተዋወቅ ብቻ አይደለም። ሦስት ጥያቄዎችን ለመመለስ እሞክራለሁ። አንደኛ፣ ድንጋዮቹ ለምን አይወድቁም? ሁለተኛ፣ ደረቁ ወንዝ መቼና ከየት ይመጣል? ሦስተኛ፣ ሕፃናትና ትልልቅ ሰዎችን ይዞ ለአንድ ቀን የሚሄድ ቤተሰብ ምን ማወቅ አለበት? ከሦስቱ ክብደት የምሰጠው ለሁለተኛው ነው። ለምን እንደሆነ ስንደርስበት ይገባችኋል።

መንገዱ

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደጋማ ከተማ ናት። ወደ ምሥራቅ ሲወጣ መንገዱ መጀመሪያ ወደ ኤረር ሸለቆ ይወርዳል፤ ከዚያ እንደገና ወጥቶ ባቢሌ ይገባል። ባቢሌ ከሐረር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በኦቾሎኒዋ፣ በግመል ገበያዋና በስሟ በሚጠራው የማዕድን ውሃ ትታወቃለች። ኦቾሎኒ ሳይገዙ ባቢሌን ማለፍ እንደ ነውር ነው የሚቆጠረው። ከባቢሌ አልፎ መንገዱ እንደገና ሲያሽቆለቁል በግራም በቀኝም ድንጋዮቹ ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በግምት በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ጠዋት ሐረር ላይ ሹራብ ደርቦ የወጣ ልጅ እኩለ ቀን ላይ ሸለቆው ውስጥ ሸሚዙንም ማውለቅ ያምረዋል። መንገዱ ደግሞ አዲስ አይደለም። ሐረርን ከዘይላና ከበርበራ ወደቦች ጋር የሚያገናኙት የግመል ቅፍለቶች ለዘመናት ይህንን የምሥራቅ ቆላ እያቋረጡ ይመላለሱ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር የገባው ከዘይላ ተነስቶ ነው። ቅፍለቶቹ የሚጓዙት የወንዙን ጠባይ በሚያውቁ ሰዎች መሪነት እንደነበር መገመት አይከብድም።

ድንጋዩ ለምን አይወድቅም?

ዳከታ ሄዶ "ማን ነው የደረደረው?" ብሎ የማይጠይቅ ልጅ የለም። አንዳንዱ ድንጋይ ቤት ያክላል፤ የተቀመጠበት አንገት ግን ቀጭን ነው፤ ነፋስ የሚጥለው ነው የሚመስለው።

መልሱ ማንም አልደረደረውም ነው። ድንጋዩ ግራናይት ነው። ግራናይት ከመሬት በታች በጥልቀት የቀለጠ ዓለት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ሲሆን፣ የምሥራቅ ሐረርጌ መሠረት ከሆኑት እጅግ አሮጌ ዓለቶች ይመደባል። ዕድሜያቸው በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት የሚቆጠር ነው። ይህ ዓለት ሲቀዘቅዝና በላዩ ያለው መሬት ተሸርሽሮ ሸክሙ ሲቀልለት ይሰነጠቃል። ስንጥቁም ቁልቁልና አግድም እየሆነ ዓለቱን እንደ ጡብ ይከፋፍለዋል። ከዚያ ውሃ በስንጥቁ ይገባል። የጡቡ ጠርዝና ማዕዘን ከሁለትና ከሦስት አቅጣጫ ስለሚጠቃ ቀድሞ ይበሰብሳል፤ መሃሉ ግን ጠንካራ እንደሆነ ይቆያል። አዲስ ሳሙና አራት ማዕዘን ሆኖ ገብቶ ስንጠቀምበት እንደሚድበለበለው ማለት ነው።

በመጨረሻም የበሰበሰው ክፍል አፈር ሆኖ በጎርፍ ይታጠባል። የሚቀረው ክብ ክቡ ድንጋይ ነው፤ ያውም ድሮ በነበረበት ቦታ፣ በታችኛው ላይ እንደተቀመጠ። ስለዚህ ድንጋዩ ከላይ ወርዶ የተቆለለ ሳይሆን ዙሪያው የተገፈፈበት ነው። የማይወድቀውም የክብደቱ መሃል ከመቀመጫው ውጭ ስላልወጣ ነው። በዚምባብዌ ማቶቦ ኮረብታዎች ላይ የሚታዩት ድርብርብ ድንጋዮችም በዚሁ መንገድ የተፈጠሩ ናቸው። አንገቱ ግን ዛሬም እየሳሳ ነው። በመሆኑም ልጆች ድንጋዩን "እንግፋው" ብለው እንዳይጫወቱ፣ ለፎቶ ተብሎም ከሥሩ እንዳይገቡ መከልከል ተገቢ ነው።

ይህንን ድንጋይ ያጠበው ውሃ እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄያችን ነው። እኛ አሸዋ ብቻ ነው የምናየው። ታዲያ ውሃው የት ሄደ?

ደረቁ ወንዝ

ከሐረር በስተ ምሥራቅና ደቡብ ያሉት ኤረር፣ ጎበሌ፣ ዳከታና ፋፈን ሸለቆዎች ሁሉም ወደ ዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ነው የሚያመሩት። ዋቢ ሸበሌ ራሱ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ሕንድ ውቅያኖስ ሳይደርስ ሶማሊያ ውስጥ ረግረግ ሆኖ ይቀራል። የቆላው ሸለቆዎች በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ላይ ላዩን ደረቅ ናቸው። ውሃው ከአሸዋው ሥር ነው፤ የአካባቢው ሰው አሸዋውን ቆፍሮ ከብቱን ያጠጣል።

ደረቅ መሆኑ ነው የሚያታልለው። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ጥላ ያለውም ዳሩ ላይ ነው፣ ልጆች ይሮጡበታል። ምሳ ለመዘርጋት ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም። እኛም የዘረጋነው እዚያው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሚያዝያ እናትና አባቴ፣ ሁለት ታናናሾቼና አክስቴ ሆነን ሚኒባስ በኮንትራት ይዘን ሄድን። ባቢሌ ላይ አንድ የአካባቢው ሽማግሌ መንገድ ሊመሩን አብረውን ገቡ። ሁለት ሰዓት ያህል በእግራችን ከዞርን በኋላ አባዬ ግራር ሥር አሸዋው ላይ ምንጣፍ አነጠፈ። ሽማግሌው ግን አልተቀመጡም። ወደ መጣንበት፣ ወደ ደጋው ዞረው ቆሙ።

"እዚህ አንቀመጥም አቦ፤ ከላይ ከድንጋዩ ጥላ እንሁን" አሉ።

አባዬ ቀና ብሎ አየ። በላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። "ኧረ አባቴ፣ ደመናው እኮ ሩቅ ነው" አላቸው።

"ዝናቡ ሩቅ ነው፤ ውሃው ግን እግር አለው" አሉት።

አክስቴ አጉረመረመች፤ ሳህኑም ምንጣፉም ተነስቶ ዳገት ወጣን። ምሳችንን ጨርሰን ሻይ እየተቀዳ ሳለ ከላይ በኩል ከባድ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ የሚመስል ድምፅ መጣ። መንገዱ ግን በዚያ በኩል አልነበረም። ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ከፊቱ ጭራሮና የማሽላ አገዳ እየገፋ፣ አሸዋውን ሞላው። የጉልበት ያህል ብቻ ነበር፤ ትልቅ ጎርፍ አይባልም። ነገር ግን ረስተነው የወረድነው ጀሪካን ዓይናችን እያየ ሄደ። ምንጣፉ የነበረበት ቦታ ላይ የቅርንጫፍ ክምር ተጠራቅሞ ቀረ። ታናሽ እህቴ ስምንት ዓመቷ ነው። የጉልበት ያህል የምለው በእኔ ጉልበት እንጂ በእሷ አይደለም። አባዬ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም።

ይህ እንዴት ሆነ? ምክንያቱ አራት ነገር ነው። የመጀመሪያው ዝናቡ የሚዘንበው ደጋው ላይ፣ ውሃው የሚደርሰው ቆላው ላይ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የደረቀ አፈርና ራቁቱን የቀረ ዓለት ውሃ ቶሎ አያስገቡም፤ ስለዚህ ዝናቡ ወዲያው ጎርፍ ይሆናል። ሦስተኛው፣ ከተዳፋቱ ላይ ዛፉ በመመናመኑ ውሃውን የሚያዘገየው ነገር ቀንሷል። አራተኛው፣ ሸለቆው ጠባብ በሆነበት ቦታ ተዘርግቶ የመጣው ውሃ ተጨምቆ ከፍታውም ፍጥነቱም ይጨምራል።

የውሃውን ኃይልም አንናቅ። የሚገፋበት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ አዋቂ ሰውን ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነው ደግሞ አነስተኛ መኪና ይዞ ይሄዳል።

ለሐረርና ለድሬዳዋ ሰው ይህ ተረት አይደለም። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረበት ወር ነው፤ ሐረር ደስ ብሏት ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ በሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን መታ። ደቻቱ በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው የሚሻገርበት፣ የሚነግድበት። ያን ሌሊት ግን ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። ብዙውን ውሃ ያወረደው ከከተማዋ በላይ ያለው ደጋ ነበር። የደጋው ዝናብ በሰሜን በኩል ወደ ድሬዳዋ፣ በደቡብና በምሥራቅ በኩል ደግሞ ወደ ኤረርና ዳከታ ይወርዳል። አቅጣጫው ይለያይ እንጂ ጠባዩ አንድ ነው።

ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ

ጊዜ፦ ተመራጩ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ነው። በበልግና በክረምት የሚሄድ ሰው ከሰዓት በኋላ ወንዙ ውስጥ መገኘት የለበትም፤ ዝናቡ የሚበዛው ያኔ ነውና። ጠዋት 12 ሰዓት ከሐረር ተነስቶ፣ እስከ 5 ሰዓት ተጉዞ፣ የቀትሩን ፀሐይ ጥላ ሥር ማሳለፍ ይሻላል።

ውሃ፦ በሙቀት የሚጓዝ አዋቂ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያስፈልገዋል። ለስድስት ሰው የአንድ ቀን ውሃ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ነው ብሎ ማሰብ ይበጃል። ልጆች ጥማታቸውን ቶሎ አይናገሩም፤ ስለዚህ በሰዓቱ ማጠጣት ነው። ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና ድፍን ጫማ አይርሱ፤ የቁልቋል እሾህ ለሰንደል ጫማ አይራራም።

ምልክት፦ ደጋው ላይ ጥቁር ደመና፣ የሩቅ ነጎድጓድ፣ ንጹሕ የነበረ ውሃ መደፍረስ፣ ጭራሮ ይዞ መምጣት፣ ከላይ የሚሰማ ጉርምርምታ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ዕቃ ለመሰብሰብ እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች መሮጥ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ውሃው ይቀድማል። ወንዙ ከመጣ በኋላ ለመሻገር አትሞክሩ። እኛ ማዶ ሆነን ከሁለት ሰዓት በላይ ጠብቀናል፤ ውሃው ራሱ ጎደለ።

ሰላም፦ አካባቢው የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ ነው። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል። ስለዚህ የዕለቱን ሁኔታ ባቢሌ ላይ መጠየቅና የአካባቢውን ሰው መሪ አድርጎ መያዝ ግዴታ ነው።

ዝሆን፦ የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን ስፋቱ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዝሆኖቹ በብዛት የሚዘዋወሩት በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ነው። ሰፈራና እርሻ እየገፋቸው ስለሆነ ከሰው ጋር ይጋጫሉ፤ ሰውም ዝሆንም ይሞታል። ስለዚህ ሕፃናት ይዞ ዝሆን ፍለጋ በእግር መግባት አይታሰብም። ማየት የሚፈልግ ከመጠለያው ጠባቂዎች ጋር ይሂድ።

ማጠቃለያ

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ሳሰላስል ከርሜአለሁ። እኛ ስድስታችንም ፊደል የቆጠርን ነን። ስልካችን ላይ የአየር ትንበያ ነበረ፤ አይተነዋል፤ "ፀሐያማ" ይል ነበር። ለቆምንበት ቦታ ትክክል ነው። ውሃው ግን የሚመጣው ከቆምንበት ቦታ አልነበረም። ሽማግሌው ያዩት ሰማይና እኛ ያየነው ሰማይ ይለያያል።

ጋዜጠኝነት ለምንማር ሰዎችም ይህ ጥሩ ትምህርት ይመስለኛል። ስለ ድንቅ ሸለቆ ስንጽፍ ፎቶ የሚያምርበትን ቦታ መጠቆም ቀላል ነው። "የት አትቀመጡ" የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ዳከታ መታየት ያለበት ቦታ ነው፤ ሂዱ፣ ቤተሰባችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ኦቾሎኒውንም አትርሱ። ምሳችሁን ግን ከድንጋዩ ላይ ብሉ።