የማርሽ እጀታና የዓባይ ቁልቁለት

ከመካነ ሰላም ወደ መርጡለ ማርያም የሚሻገር አሽከርካሪ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። 1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶሞቢል 1000 ሜትር ሲወርድ 15 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ እምቅ ኢነርጂ ይለቃል። ይህ ኢነርጂ በአመዛኙ ወደ ሙቀት ይለወጣል። አሽከርካሪው በከባድ ማርሽ ሞተሩን ካላጋዘ ሸክሙ በሙሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል፤ ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይዳከማል።

እንግዲህ በማርሽ ዘንግ ጫፍ ላይ የምትቀመጠው እጀታ ጌጥ ብቻ አይደለችም። የውስጥ ጥርሷ የተበላ እንደሆነ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ በሚለወጥበት ቅጽበት ተነቅላ በመዳፍ ውስጥ ልትቀር ትችላለች።

አሮጌውን መፍታት ቀላል ነው፤ አብዛኛው ወደ ግራ ሲዞር ይወጣል። አስቸጋሪው ተስማሚ መምረጡ ነው። የብዙ ቶዮታዎች ዘንግ ውፍረቱ 12፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ የብዙ ሆንዳዎች ግን 10 እና 1.5 ነው። የሰፋውን ቀዳዳ በላስቲክ ጠቅልሎ ማጥበቅ (ይህን የማያውቅ ማን አለ?) ለቁልቁለት የሚታመን መላ አይደለም።

ቁመቱም ይታሰብበት። ዘንጉ ከሚዞርበት ነጥብ እስከ እጀታው 30 ሳንቲ ሜትር የነበረው ወደ 24 ቢያጥር፣ እጅ የሚጓዘው ርቀት በ20 በመቶ ይቀንሳል፤ የሚያስፈልገው ኃይል ግን በ25 በመቶ ይጨምራል።

የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም እጀታ የሚመርጡም አሉ። በደጋው ብርዳማ ማለዳ ከፕላስቲኩ ይልቅ የቀዘቀዘ ይመስላቸዋል፤ ቴርሞሜትር ቢያስጠጉ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው። አሉሚኒየም ሙቀትን ከፕላስቲክ በብዙ መቶ እጥፍ ስለሚያስተላልፍ የመዳፍን ሙቀት ፈጥኖ ይወስዳል።