ስለ ኮምፓይለር እርማት



በመሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ከመውጣቱ አስቀድሞ አርቃቂው ይጽፈዋል፤ ኀላፊው በቀይ እርሳስ ያርመዋል፤ ግልባጩም በመዝገብ ቤት ይቀመጣል። ዛሬ የምንመለከተው ሥራ ይህን ሥርዐት በብዙ ነገር ይመስለዋል፤ ልዩነቱ አራሚዎቹ በየአገሩ የሚኖሩና ብዙዎቹም ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ መሆናቸው ነው።

ኮምፓይለር ማለት ሰው በሚያነበው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውን ትእዛዝ ኮምፒዩተሩ ወደሚፈጽመው ቋንቋ የሚመልስ አስተርጓሚ ነው። ከእነዚህ አንዱ፥ ኤል ኤል ቪ ኤም የተባለው፥ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በክሪስ ላትነርና በቪክራም አድቬ ተጀምሮ በ2003 ለሕዝብ ወጣ። ምንጩ ክፍት ስለሆነ የፈለገ ሁሉ ያነበዋል፤ ስሕተት ያገኘም እርማት ያቀርብበታል። ባለሙያዎቹ ይህን እርማት ፓች ይሉታል። ክላንግ የሚባለው ክፍሉም ኦፕን ሲ ኤልንና ኩዳን፥ ማለት አንድን ስሌት ለብዙ ሺህ ሠራተኞች አከፋፍለው በአንድ ጊዜ የሚያሠሩትን ቋንቋዎች፥ ይተረጉማል። ሠራተኛ ስንል በኮምፒዩተሩ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱትን የስሌት ክሮች ማለታችን ነው እንጂ ሰውን አይደለም።

አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። በእነዚህ ቋንቋዎች ባሪየር የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ሁሉም ሠራተኞች እስኪደርሱ ድረስ ማንም እንዳያልፍ የሚከለክል በር ነው። ለአንድ ሠራተኛ ብቻ የታሰበ ኮምፓይለር ግን ሥራ ለማፋጠን ሲል አንዱን ትእዛዝ በሁለት ቅጂ አድርጎ በሁለት መንገድ ላይ ቢያኖረው ምንም ጉዳት አይታየው፤ መንገደኛው አንድ ሲሆን በየትኛውም ቢሄድ አንድ ጊዜ ብቻ ያገኘዋልና። መንገደኞቹ ብዙ ሲሆኑ ግን ግማሾቹ በአንደኛው በር፥ ግማሾቹ በሁለተኛው ቆመው ሊጠባበቁ ይችላሉ። ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ወይም ይባስ ብሎ ሳይቆም የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል። የአየር ጠባይ ስሌት የሚሠራው ሰው ጥፋቱ የራሱ መስሎት ብዙ ቀን ይደክማል፤ የሳተው ግን አስተርጓሚው ነው። በ2015 ኮንቨርጀንት የተባለ ምልክት በኤል ኤል ቪ ኤም የተጨመረው ለዚህ ነው፤ ትርጉሙም «ይህ ትእዛዝ ቀድሞ ባልነበረበት ቅድመ ሁኔታ ሥር እንዳይዛወር» ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ስሕተት ያገኘ ሰው አስቀድሞ ረጅሙን ፕሮግራም እየቀነሰ፥ ጥፋቱ በጥቂት መስመሮች እንዲታይ ያደርገዋል። ከዚያ እርማቱን ይጽፋል፤ ከእርማቱም ጋር ፈተና ያያይዛል። ፈተናው ያለ እርማቱ የሚወድቅ፥ ከእርማቱ ጋር ግን የሚያልፍ መሆን አለበት። በእኔ አስተያየት ከእርማቱ ይልቅ የሚበልጠው ፈተናው ነው፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ሳያውቅ ያንኑ ጥፋት ቢመልሰው የሚጮኸው እርሱ ነውና። ደግሞም ፈተናው ኮምፓይለሩ በመካከል የሚያወጣውን ጽሑፍ ብቻ ስለሚመረምር ውድ የሆነውን የግራፊክስ ፕሮሰሰር መግዛት አያስፈልግም፤ ተራ ኮምፒዩተር ይበቃል። ኮምፓይለሩን ራሱን አንድ ጊዜ ለመገንባት ግን በትንሽ ኮምፒዩተር ብዙ ሰዓት መታገሥ ግድ ነው።

እርማቱ ከ2023 ወዲህ በጊትሃብ በኩል ይቀርባል። ትንሽና ለአንድ ጉዳይ ብቻ የተጻፈ ቢሆን መርማሪው ቶሎ ያነበዋል፤ ሦስት ጉዳይ የተቀላቀለበት ግን ተመላሽ ይሆናል። አንድ ሳምንት ያህል መልስ ቢጠፋ በትሕትና ማስታወስ እንደ ድፍረት አይቈጠርም። ከጸደቀና ከገባ በኋላም ልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ይፈትኑታል፤ በአንዱ ላይ ችግር ካመጣ ወዲያው ይነሣል። ጀማሪው በዚህ ጊዜ የተናቀ እየመሰለው ያዝናል፤ ነገር ግን የቆዩትም ባለሙያዎች እርማታቸው ይነሣባቸዋል፤ አስተካክለውም እንደ ገና ያቀርቡታል። ለማስገባት ሥልጣን የሌለው አዲስ ሰው ሌላ ሰው ያስገባለታል፤ በመዝገቡ ላይ ግን የእርማቱ ጸሐፊ ሆኖ የሚሰፍረው የራሱ ስም ነው።