ጅማ የወጣ ደንብ፣ አጋሮ ላለ ኮምፒውተር

ጥቅምት ገብቶ እሸት ቡና መሰብሰብ ሲጀመር የመሥሪያ ቤታችን ቅርንጫፎች በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰርቦና በየቡ በአንድ ጊዜ ሰው ይቀጥራሉ። መዝጋቢው፣ ሚዛን ተቆጣጣሪው፣ ገንዘብ ያዡ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። የኔትወርክ ባለሙያዎቹ ግን ጅማ ያለነው ሁለት ብቻ ነን። ያን ሁሉ ኮምፒውተር ከጅማ ሳንነሳ የምናስተዳድረው በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ባሉት አክቲቭ ዳይሬክተሪና ግሩፕ ፖሊሲ ነው።

አክቲቭ ዳይሬክተሪ እያንዳንዱ ሠራተኛና እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚመዘገብበት መዝገብ ነው። መዝገቡን የያዘው ሰርቨር ዶሜይን ኮንትሮለር ይባላል። ግሩፕ ፖሊሲ ደግሞ በመዝገቡ ላሉት የሚወጣው ደንብ ነው። ማሽኑን የሚመለከተው ደንብ ኮምፒውተሩ ሲበራ ይጫናል፤ ሰውየውን የሚመለከተው ፓስወርዱን ሰጥቶ ሲገባ። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ ራሱ በየ90 ደቂቃው አዲስ ነገር እንዳለ ሰርቨሩን ይጠይቃል። ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይጠይቁም እስከ 30 ደቂቃ የሚደርስ ልዩነት ይጨመርበታል። ስለዚህ ጠዋት ጅማ ያወጣሁት ደንብ መስመሩ ካልተቋረጠ ከምሳ በፊት አጋሮ ይደርሳል።

ለኔ ትልቁን እፎይታ ያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ፍላሽ የሚከለክለው ደንብ ነው። ፋይሉን ሁሉ ደብቆ በቦታው አቋራጭ የሚያስቀምጠውን የፍላሽ ቫይረስ የማያውቅ ቢሮ ያለ አይመስለኝም፤ አሁን ቅርንጫፎቹ ፋይል የሚለዋወጡት በጋራ ፎልደር ነው። ሁለተኛው በመዝገቡ ላይ ለወቅት ሠራተኞች የምንሞላው ቀን ነው። የሚከፈትላቸው አካውንት ውላቸው በሚያበቃበት ቀን ራሱ እንዲዘጋ ቀኑ ቀድሞ ይሞላል። ሥራውን የለቀቀ ሰው ፓስወርድ ለዓመታት ክፍት ሆኖ መቆየቱ ከማንኛውም ቫይረስ ይልቅ ያሳስበኛል።

ሰዓትም ጉዳይ ነው። ዶሜይኑ ሰውን የሚለይበት ኬርቤሮስ የተባለው ሥርዓት በሰርቨሩና በኮምፒውተሩ ሰዓት መካከል የሚፈቅደው ልዩነት 5 ደቂቃ ነው። አንድ ጠዋት ከቅርንጫፍ አንዲት ገንዘብ ያዥ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የጋራ ፎልደሩ አልከፈት አለኝ።» «እትዬ፣ ከታች በቀኝ በኩል ሰዓቱ ስንት ይላል?» «ሁለት ተኩል፤ ልክ ነው እኮ።» በኛ አቆጣጠር በእርግጥም ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ነበር፤ ሰርቨሩ ግን 8፡30 ነበር የሚያውቀው። በየጠረጴዛው ያለው ሰው ሁሉ የማሽኑ አስተዳዳሪ በነበረበት ጊዜ ሰዓቱንም ማንም ይቀይር ነበር። ያን ሥልጣን በአንድ ደንብ ከሁሉም ኮምፒውተር አነሳነው። ባትሪው ያለቀ ማዘርቦርድ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ዓመታት በፊት ይመለሳል። ለዚህ መፍትሔው ደንብ ሳይሆን ባትሪ መግዛት ነው።

መስመር ሲቋረጥስ? የተጫነው ደንብ እንደተጫነ ይቆያል። ዊንዶውስ በማሽኑ ላይ የገቡ የመጨረሻዎቹን 10 ሰዎች ማረጋገጫ ስለሚያስቀምጥም ሠራተኛው ገብቶ ይሠራል። መስመሩ ሳይቋረጥ ከ500 ኪሎ ቢት በሰከንድ በታች ከወረደ ደግሞ ኮምፒውተሩ የጥበቃ ደንቦቹን ይወስድና እንደ ሶፍትዌር መጫን ያለውን ከባድ ሥራ ይተወዋል። ይህን ያሰበው ሰው እንደኛ ያለ መስመር ያየ ይመስለኛል። በሰርቨር 2008 ደግሞ ለቅርንጫፍ የሚስማማ፣ የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ዶሜይን ኮንትሮለር መጣ። እኛ ካልፈቀድን የማንንም ፓስወርድ አይዝም፤ ቢሰረቅም ጉዳቱ የተወሰነ ነው።

አክቲቭ ዳይሬክተሪ የመጣው ከዊንዶውስ 2000 ሰርቨር ጋር በየካቲት 1992 ዓ.ም. ነው። የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተባሉትም በዚያው ዓመት ነበር። ዩኒቨርሲቲው እስካለ ድረስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሰርቨር ግን ዕድሜው የተቆረጠ ነው። የሰርቨር 2003 ድጋፍ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. አበቃ፤ የ2008ቱ በጥር 2012፤ የ2012ቱ በመስከረም 2016። የሰርቨሩ ስም በፈረንጅ ዘመን፣ እኛ የምንኖረው በራሳችን ዘመን ስለሆነ «ሰርቨር 2016» የሚለውን አይቶ አዲስ ነው የሚል ኃላፊ አይጠፋም። የእሱም ድጋፍ በጥር 2019 ዓ.ም. ያበቃል።

ድጋፍ አበቃ ማለት ሰርቨሩ ይቆማል ማለት አይደለም፤ ጉዳዩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። መሥራቱን ይቀጥላል፤ ለተገኘ ቀዳዳ መድፈኛ ግን አይመጣለትም። ዋናክራይ የተባለው ጥቃት በግንቦት 2009 ዓ.ም. ከ150 በላይ አገሮችን ሲያዳርስ የተጠቀመበት ቀዳዳ መድፈኛ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶለት ነበር። ድጋፉ ላበቃው ለ2003 ግን የወጣው ጥቃቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ዶሜይን ኮንትሮለር ሲደፈር ደግሞ የሚደፈረው አንድ ማሽን አይደለም። እኔ ለቅርንጫፎቹ ሁሉ ደንብ የማወጣበት መንገድ ለሌባውም ይሠራል።

ስለዚህ ለኃላፊዎች የምለው የበጀት ነገር ነው። የ2019 በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ይጀምራል፤ የሰርቨር መተኪያው ገንዘብ እዚያ ውስጥ ካልተያዘ ጥር ላይ አይገኝም። የሚዘገይ ሰው መንገዱም ይረዝምበታል፤ አዲሱን ሰርቨር 2025 ዶሜይን ኮንትሮለር ለማድረግ ነባሩ ዶሜይን ቢያንስ በ2016 ደረጃ ላይ መድረስ አለበት፤ በ2008 ላይ የቀረ መሥሪያ ቤት መሃል ላይ ሌላ እርምጃ ይጠብቀዋል። ሥራው ራሱ ሲታወቅ ከባድ አይደለም። አዲሱ ሰርቨር ከአሮጌው ጎን ይገባል፣ መዝገቡ ይገለበጥለታል፣ ኃላፊነቱን ይረከባል፣ አሮጌው ይሰናበታል። እኔ የምመርጠው ጊዜ ክረምቱ ነው። ጥቅምት ላይ ሚዛኑ ሥራ ከጀመረ በኋላ ሰርቨር ልንካ የሚል ባለሙያ ፈቃድ አያገኝም፤ ሊያገኝም አይገባም።