አጥንት የሌለው ገላ እንዴት ድንጋይ ላይ ይቀራል?

የልጅ ልጄን ብሔራዊ ሙዚየም ወስጄው ከተመለስን ወዲህ የጥያቄ መዓት ወርዶብኛል። ሰባት ዓመቱ ነው። ድንቅነሽ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሆናት ስነግረው እምብዛም አልገረመውም። እሱን ያሳሰበው ሌላ ነው፤ «ሥጋዋስ የት ሄደ? አጥንት የሌላቸው ትሎችስ ሲሞቱ ምናቸው ይቀራል?» ምንም አይቀርም ብዬ መገላገል እችል ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። እናንተም ቤት ይህን የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋምና ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

አጥንት፣ ጥርስና ዛጎል ማዕድን ስላለባቸው ቶሎ አይበሰብሱም። እንደ ጄሊፊሽ ያለው ፍጥረት ግን አብዛኛው አካሉ ውኃ ነው። በሞተ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንዱ ይበላዋል፣ ወይም ይሟሟል። ስለዚህ ቅርጹ እንዲተርፍ ከተፈለገ አንድ ነገር ብስባሴውን ሮጦ መቅደም አለበት።

ብዙ ሰው «አየር ካላገኘ አይበሰብስም» ሲል እሰማለሁ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ቆጮ የሚያዘጋጁ እናቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ቆጮው በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ፣ አየር እንዳያገኝ ተጭኖ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሆኖም እዚያው ይብላላል። አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች አሉና። የባሕር ወለል ጭቃ ውስጥም እንዲሁ ነው። መቀበር ከበላተኛ ያድናል፣ ጊዜም ይገዛል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ገላው ጠፍቶ ሳያልቅ በዙሪያው ያለው ነገር ቅርጹን ይዞ መጠንከር አለበት።

ይህን ለልጅ በቃል ከማስረዳት ማሳየት ይቀላል። ጠፍጣፋ ጭቃ ላይ ጅማቱ ጎላ ያለ ቅጠል አስተኙና በላዩ በውኃ የተበጠበጠ ጄሶ አፍስሱበት። ጄሶው ሲደርቅ አንሡት። ቅጠሉ ነገ ይደርቃል፣ ይበሰብሳል፤ ጅማቱ ግን አንድ ባንድ ጄሶው ላይ ታትሟል። (ጄሶውን አዋቂ ይበጥብጠው፤ የተረፈውንም ሲንክ ውስጥ አትድፉት፣ ቧንቧ ይደፍናል።)

በእንግሊዝ አገር ሌስተር ከተማ አጠገብ ባለው ቻርንዉድ ደን የሆነው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የዛሬ 560 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቦታው ጥልቅ ባሕር ነበር፤ በአቅራቢያውም እሳተ ገሞራ ይፈነዳ ነበር። በባሕሩ ወለል ላይ ቅጠል የሚመስሉ፣ አጥንትም ዛጎልም የሌላቸው ፍጥረታት ቆመው ይኖሩ ነበር። አመዱ ባንዴ ወረደባቸውና ወለሉ ላይ አስተኛቸው። ገላቸው ቢበሰብስም ቅርጻቸው ከላይ ባለው አመድና ከሥር ባለው ደለል መካከል ታትሞ ቀረ፤ ሁለቱም ድንጋይ ሆኑ።

እኔን የያዘኝ ግን ከአመዱ ይልቅ ያገኙት ልጆች ታሪክ ነው። በ1956 ዓ.ም. (በፈረንጆች) ቲና ኔጉስ የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ ያንን ድንጋይ አየችው። የቤተሰብ ስሟ የእኛን ንጉሥ ቢመስልም እንግሊዛዊት ናት። ለመምህርቷ ስትነግራት በዚያ ዕድሜ ድንጋይ ውስጥ ቅሪተ አካል የለም ተባለች። በወቅቱ መጻሕፍቱም የሚሉት ይህንኑ ስለነበር መምህርቷ ላይ አልፈርድም። ልጅቷ ግን ዓይኗን አመነች፤ ወላጆቿን ይዛ ተመልሳም የቅርጹን አሻራ ወረቀት ላይ ወሰደች። ነገሩ ከዚያ አላለፈም።

በዓመቱ ሮጀር ሜሰን የተባለ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ድንጋይ ሊወጣ ሄዶ ያንኑ ቅርጽ አየ። እሱም ለአባቱ ነገረ። አባቱ የሌስተር ዩኒቨርሲቲውን የሥነ ምድር ምሁር ትሬቨር ፎርድን ያውቅ ነበር። ፎርድ ቦታው ድረስ ሄዶ አየ፣ በ1958ም ጥናቱን አሳተመ፤ ፍጥረቱም በልጁ ስም ቻርኒያ ማሶኒ ተባለ። በዚያ ዕድሜ ድንጋይ ውስጥ ትልልቅ ፍጥረታት እንደነበሩ ያረጋገጠው ይህ ግኝት ነው። በሁለቱ ልጆች መካከል የነበረው ልዩነት የማስተዋል አልነበረም፤ አንደኛው ትክክለኛውን ሰው የሚያውቅ አባት ነበረው። ኋላ ሜሰን ራሱ ቲና ቀድማው እንዳየችው በግልጽ ተናግሯል፤ ይህን ማለቱ ደስ አሰኝቶኛል።

ቻርኒያ ቅጠል ቢመስልም ተክል አይደለም። የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት ይኖር ስለነበር እንደ ተክል ምግቡን ሊያዘጋጅ አይችልም። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ከእንስሳት ወገን ይመድቡታል።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። በካናዳ ተራሮች ላይ ቻርልስ ዋልኮት በ1909 ባገኘው ቦታ፣ የዛሬ 508 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጭቃ ባንዴ የቀበራቸው ትሎችና ሌሎች ፍጥረታት ቀጭን የካርቦን ሽፋን ሆነው ድንጋዩ ላይ ይታያሉ። ዋልኮት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ነበር የሚቆፍረው፤ ከፍጥረታቱ አንዱ በልጁ በሲድኒ ስም ይጠራል።

በእኛም አገር አለ። በሰሜን ሸዋ ዓለም ከተማ አካባቢ ድንጋይ የሆነ የዛፍ ሙጫ ተገኝቷል፤ አምበር ይባላል። ከዛፉ ሲንጠባጠብ የያዛቸው ጉንዳኖችና ሸረሪቶች ከነእግራቸው ከነፀጉራቸው ውስጡ አሉ። በ2010 በታተመው የመጀመሪያ ጥናት 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተገምቶ ነበር፤ በኋላ ሲመረመር ግን ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። የልጅ ልጄ ከሁሉም የወደደው ይህንን ነው። ዕጣን አጭሰን ስንቀመጥ ሙጫውን እየገለበጠ ጉንዳን ይፈልግበት ጀምሯል።

ወደ ቻርንዉድ ልመለስና፣ የተፈጥሮ ፊልሞቹን የምናውቀው ዴቪድ አተንቦሮ በልጅነቱ በዚያው በሌስተር ዙሪያ ቅሪተ አካል ይለቅም ነበር። የቻርንዉድ ድንጋዮችን ግን ምንም የለባቸውም ስለተባለ አልፈለገባቸውም። በ2022 ከዚያው ደን ድንጋይ ላይ የተገኘ፣ ጄሊፊሽ ከሚመደብበት ወገን የሆነ 560 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ አዳኝ እንስሳ በአተንቦሮ ስም ተሰየመ።