የሐረር እምብርት፤ ፈረስ መጋላ
የሐረርን ከተማ ለማጥናት የሚሻ ሰው በጀጎል ግንብ መካከል ከሚገኘው ከፈረስ መጋላ አደባባይ ቢነሣ ይበጀዋል። «መጋላ» በሐረሪ ቋንቋ ገበያ ማለት ነው፤ ፈረስ የሚሸጥበት መሆኑ ቢቀርም ስሙ ጸንቶ ይኖራል። ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ከተማይቱን የገዙት ግብጻውያን በዚህ ስፍራ መስጊድ ሠርተው ነበር። ንጉሥ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ድል ካደረጉ በኋላ ግን በመስጊዱ ፈንታ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተተከለ። በዚያው አደባባይ ላይ ዛሬ በጨለንቆ ለወደቁት ሐረሪዎች የቆመው የመታሰቢያ ሐውልት ይታያል፤ የድል አድራጊውና የተሸናፊው ምልክት እንዲህ ተቀራርቦ የሚገኝበት ስፍራ ብዙ አይመስለኝም። ከዚህ ወደ ግድር መጋላ፣ ማለት ወደ ትልቁ ገበያ፣ የሚወርደው ጠባብ መንገድ ደግሞ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙ የወጣው ከስፌት መኪና ድምፅ ሲሆን፣ ልብስ ሰፊዎቹ በየደጁ ተቀምጠው ሸማቹ የገዛውን ጨርቅ ወዲያው ይሰፉለታል።