ወዙን ያጣ ፊት፤ ስለ ፊት ቆዳ መድረቅና መቅላት

የሰው ልጅ ከአካላቱ ሁሉ ይልቅ ለፀሐይ፣ ለነፋስና ለአቧራ ተገልጦ የሚኖረው ፊቱ ነው። እጅና እግር በልብስ ሲሸፈኑ፣ ፊት ግን ክረምት ከበጋ እንደ ተገለጠ ይኖራል። ስለዚህ ፊት ወዙን አጥቶ ሲደርቅ፣ ሲላላጥና ሲቀላ ባለቤቱ ቢጨነቅ አያስገርምም። የሚያሳዝነው ግን ጭንቀቱ ብዙውን ሰው ከሐኪም ይልቅ ወደ ገበያ መውሰዱ ነው። ከድርቀቱ የባሰ ጉዳት የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ከተገዛው ቅባት ነው።

ለዚህ ነገር የካምፓላው የኦዊኖ ገበያ መልካም ምሳሌ ይሆነናል። ኦዊኖ በዩጋንዳ ዋና ከተማ መካከል፣ ከናኪቩቦ ስታዲዮም አጠገብ የሚገኝ፣ በ1971 የተቋቋመ ታላቅ ገበያ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይፋዊ ስሙ የቅዱስ ባሊኩዴምቤ ገበያ ሲሆን፣ በ1885 ስለ ሃይማኖቱ የተገደለውን የዩጋንዳ ሰማዕት ዮሴፍ ሙካሳ ባሊኩዴምቤን ያስታውሳል። ሕዝቡ ግን ኦዊኖ ማለትን ይመርጣል። ያገለገለ ልብስና ጫማ፣ እህልና አትክልት፣ ሳሙናና ቅባት በአንድነት ይሸጡበታል። በካምፓላ የሚኖረው ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊም እንደ ሌላው ነዋሪ ሁሉ ወደዚህ ገበያ ይወርዳል።

በእንዲህ ያለ ገበያ ሲሠራ የሚውል ሰው ፊቱን የሚጎዱ ነገሮች ብዙ ናቸው። ካምፓላ ከምድር ወገብ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ብርቱ ነው። አቧራው፣ ላቡና ምግብ የሚያበስሉት ሴቶች የሚቆሙበት የከሰል ምድጃ ወላፈን በዚህ ላይ ይጨመራሉ። በአዲስ አበባና በአስመራም ችግሩ አይቀርም፤ እነዚህ ከተሞች ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላቸው አየራቸው ደረቅ ነው። ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረርም ሰው በ1000 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል።

ቆዳ እነዚህን ሁሉ የሚቋቋመው በላይኛው ስስ ሽፋኑ ነው። ይህ ሽፋን በደጋው አገር በድንጋይና በጭቃ የሚሠራውን የቤት ግድግዳ ይመስላል። ድንጋዮቹ ደረቅ የቆዳ ሕዋሳት ናቸው፤ ጭቃው ደግሞ በመካከላቸው ያለው ስብ ነው። ስቡ ሲታጠብ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ በውስጥ ያለው እርጥበት በስንጥቁ ይተናል፤ በውጭ ያለው አቧራና ሳሙናም በዚያው ይገባል። በዚህን ጊዜ ቆዳው ይቆጣል፤ ያሳክካል፤ ይቀላል። በጠይም ወይም በጥቁር ፊት ላይ ግን መቅላቱ በግልጥ ስለማይታይ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ወይም ከቀድሞው የጠቆረ መልክ ሆኖ ይታያል።

ጭቃውን ከሚያጥቡት ነገሮች የመጀመሪያው የልብስ ሳሙና ነው። የጤነኛ ቆዳ ተፈጥሮ በጥቂቱ ወደ ኮምጣጣነት ያደላል፤ የተለመደው ሳሙና ግን ይህን ጠባይ ይለውጠዋል። ሁለተኛው የፈላ ውሃ ነው። ሦስተኛው ፊትን በሻካራ ጨርቅ መፈግፈግ ነው። አራተኛው ሎሚ ነው፤ ፊቱን በሎሚ ቀብቶ ወደ ፀሐይ የወጣ ሰው ቆዳው ተቃጥሎ ሊጠቁር ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ፊትን በጥቂት ቀን ያጠራል፣ ማድያትንም ያጠፋል እየተባለ በኦዊኖም ሆነ በመርካቶ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው ቅባት ነው። በእንዲህ ያሉት ቅባቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይገኛል።

አንደኛው ስቴሮይድ ነው። በ1952 ሱልዝበርገርና ዊተን የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች ሃይድሮኮርቲዞን በቆዳ ላይ ሲቀባ ችፌን እንደሚያስታግስ ከገለጡ ወዲህ፣ ይህ መድኃኒት ለብዙ ሕመምተኞች ባለውለታ ሆኗል። ነገር ግን እንደ ክሎቤታሶል ያለው ብርቱው ዓይነት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ ሲሰነብት ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሮቹንም ያወጣል። ጭርት የያዘው ሰው ቢቀባው ደግሞ ማሳከኩ ለጊዜው ጋብ ይልና ጭርቱ ተደብቆ ይስፋፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ወጥመድ ግን ይህ ነው፤ ሰውየው ቅባቱን ባቆመ ጊዜ ፊቱ እንደ እሳት ይነድዳል፤ እንደገና ሲቀባው ይበርድለታል፤ ስለዚህ በሽታው ቅባቱ መሆኑን ሳያውቅ ቅባቱን እንደ ፈውስ ይቈጥረዋል። ክሊግማንና ፍሮሽ በ1979 ይህን ሁኔታ የስቴሮይድ ሱስ ብለው ሰይመውታል።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። በ1975 ፊንድሌይ የተባለ የደቡብ አፍሪቃ ሐኪም፣ ይህን ለብዙ ጊዜ የተቀቡ ሴቶች ፊታቸው በመቅላት ፈንታ ወደ ሰማያዊነት በሚያደላ ጥቁረት እንደ ተበላሸ ገለጠ። ደቡብ አፍሪቃም በ1990 ቆዳ የሚያነጣ ቅባትን ከለከለች።

ሦስተኛው ባዜቃ ነው። ባዜቃ በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በእጅና በፎጣም ወደ ሕፃናት ይተላለፋል። በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት፣ ከሚሊዮን እጅ ከ1 እጅ በላይ ባዜቃ ያለበት የቆዳ ማንጫ ከ2020 በኋላ እንዳይሠራና ከአገር አገር እንዳይዘዋወር ደንግጓል። የዩጋንዳ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮም ባዜቃና ሃይድሮኪኖን ያለባቸውን ቅባቶች ከልክሏል። ይሁን እንጂ ነጋዴው በእጁ ቀላቅሎ ያለ ጽሑፍ የሚሸጠውን ብልቃጥ ሕግ ብቻውን ሊያግደው አይችልም፤ ገዢውም ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ስሙና የተሠራበት ነገር ያልተጻፈበት፣ ወይም ሜርኩሪ፣ ካሎሜል፣ ሃይድሮኪኖን፣ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል የተጻፈበት ቅባት ያለ ሐኪም ፈቃድ ፊትን ሊነካ አይገባም። በትንሽ ድርቀት ምክንያት እንዲህ ያለውን መከራ ገዝቶ መግባት፣ አባቶቻችን እንዳሉት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የሚያስደስተው ነገር ግን መልካሙም መድኃኒት በዚያው አገር መገኘቱና ዋጋውም ቀላል መሆኑ ነው። ሽታ ያልተጨመረበት ቫዝሊን እርጥበት ከቆዳ እንዳይተን አጥብቆ ይከለክላል። በሰሜን ዩጋንዳ በአቾሊና በላንጎ የሚበቅለው የሺያ ዛፍ ፍሬም ለስላሳ ቅቤ ይወጣዋል፤ ይኸው ዛፍ በአገራችንም በጋምቤላ ይገኛል። ፊቱ ብጉር የሚያበዛ ሰው ግን ከእንዲህ ያለው ወፍራም ቅባት ይልቅ ቀለል ያለውን ይምረጥ።

አጠባበቁም እንደሚከተለው ነው። ጧት ፊትን ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ መታጠብ ይበቃል። ማታ ላቡንና አቧራውን በለዘብታ ሳሙና ጥቂት አሽቶ በደንብ ማለቅለቅ ነው። ቀጥሎ ንጹሕ ፎጣ ሳይፈገፍጉ ፊት ላይ ጫን ጫን አድርጎ ውሃውን ማስመጠጥ፣ ቆዳው ገና እርጥበት ሳለም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቅባቱን በስሱ መቀባት ይገባል። ከገበያ የተገዛ ያገለገለ ፎጣ ወይም ሻርፕ ከሆነ፣ ሳይታጠብ ፊትን አይንካ። ቀን ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ መያዝ፣ የሚችልም ሰው ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት መቀባት ይገባዋል። አዲስ ቅባት ሲጀመር አስቀድሞ በክንድ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቂት ቀን ተፈትኖ፣ አንድ ብቻውን ይጀመር፤ ሁለት ሦስት በአንድ ጊዜ የተጀመረ እንደ ሆነ የቱ እንደ ጠቀመ፣ የቱም እንደ ጎዳ አይታወቅም።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። የላይኛው ቆዳ ራሱን ለማደስ አንድ ወር ያህል ስለሚፈጅበት፣ በሦስት ቀን ለውጥ የሚያሳይ ቅባት ሊያስደስተን ሳይሆን ሊያጠራጥረን ይገባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ወር ካለፈ በኋላ ለውጥ ካልታየ፣ ወደ ሐኪም መሄድ ግዴታ ነው። ጉንጭንና አፍንጫን አያይዞ የሚቀላ ፊት ከመገጣጠሚያ ሕመምና ከድካም ጋር ሲሆን የውስጥ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሲነካ የማይሰማ፣ የቀላ ወይም የፈዘዘ ምልክትም ሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም፤ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። ገበያ የተገዛውን ቅባት ለወራት የተቀባ ሰውም ፊቱ ቢነድድ ወደ ብልቃጡ አይመለስ፤ ብልቃጡን ይዞ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ አቋራረጡን ሐኪሙ ይመራዋልና። በካምፓላ የሙላጎ ሆስፒታል፣ በአዲስ አበባም በ1965 የተመሠረተው የአለርት ሆስፒታል ለቆዳ ሕመም የሚሆኑ ሐኪሞች አሏቸው።

እንግዲህ የደረቀና የቀላ ፊት የሚለምነው ብዙ ነገር እንዲጨመርበት ሳይሆን፣ የሚያስቆጣው ነገር እንዲቀነስለት ነው። ጥቂት ውሃ፣ ጥቂት ቅባት፣ ጥቂት ጥላ ያገኘ ፊት የጠፋውን ወዙን ራሱ ይመልሳል።