በጥቂት ወራት ኮዲንግ የተማረ ሰው ሊቀጠር ይገባዋልን?

ታላቅ ወንድሜ የኮዲንግን ትምህርት በአጭር ጊዜ ፈጽሞ፥ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ሥራ ቢጠይቅ «ዲግሪህስ?» ተብሎ ተመለሰ። እናታችን ወረቀቱን በመስተዋት አድርጋ ከግድግዳ ሰቅላው ነበርና እጅግ አዘነች። እኔ ግን ቀጣሪው ፈጽሞ ተሳስቷል ለማለት ስላልደፈርሁ ነገሩን መርምሬ ለአንባቢዎች ላቀርብ አሰብሁ።

ኮዲንግ ማለት ኮምፒዩተር የሚፈጽመውን ትእዛዝ እርሱ በሚቀበለው ቋንቋ መጻፍ ነው። ይህን በጥቂት ወራት የሚያስተምሩት ቤቶች ቡትካምፕ ይባላሉ፤ ስሙም የአሜሪካ ምልምል ወታደሮች ከሚሠለጥኑበት ሠፈር የተወሰደ ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ ዴቭ ቡትካምፕ በ2012 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ተከፍቶ፥ ብዙ ተከታይ ካፈራ በኋላ በ2017 ተዘጋ። በአገራችንም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ዕቅድ ተጀምሮ፥ ትምህርቱ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይሰጥ ጀመር። ይህስ ቡትካምፕ ባይባልም በጊዜው ማጠር ይመሳሰላል።

እንዲህ የተማሩት ሰዎች ድረ ገጽ መሥራትን በእውነት ያውቃሉ። የሚቀርባቸው ከሥር ያለው መሠረት ነው። ለምሳሌ ከአንድ መዝገብ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ስም እንፈልግ። እያንዳንዱን ስም ከሌላው ሁሉ ጋር ብናስተያይ ለ100 ስሞች 4,950 ጊዜ ማስተያየት ይበቃል፤ ኮምፒዩተሩም ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ድረስ ይጨርሰዋል። ስሞቹ 100,000 ቢሆኑ ግን ሥራው 5 ቢሊዮን ያህል ይሆናል። አስቀድሞ በፊደል ተራ የደረደራቸው ሰው ተመሳሳዮቹን ጎን ለጎን ያገኛቸዋል። በክፍል ውስጥ ሁለቱም መልስ ትክክል ነው፤ በትልቅ ሆስፒታል መዝገብ ላይ ግን ልዩነቱ ይታያል። ዲግሪ ያለው ሁሉ ይህን ያውቃል ማለቴ አይደለም፤ ለፈተና ሸምድዶ የረሳውም አለ።

ደግሞም በሥራ ቦታ ከባዶ የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሌላ ሰው የጻፈውን አንብቦ ስሕተቱን ማቃናት ነው። ይህም የሚለመደው ልምድ ካለው ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው እንጂ በጥቂት ሳምንት አይደለም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ይቀጠሩ፤ ነገር ግን የሚያስተምራቸው አዋቂ የሌለው ድርጅት አይቅጠራቸው፤ እነርሱንም ራሱንም ይጎዳልና። ቀጣሪው ከወረቀቱ ይልቅ ስሕተት ያለበትን ትንሽ ፕሮግራም ሰጥቶ «አስተካክል፥ ምክንያቱንም ንገረኝ» ቢል የግማሽ ቀን ሥራ ብዙ ይገልጽለታል። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮዱን ራሱ ስለሚጽፍ ምክንያቱን መጠየቅ የግድ ሆኗል።

ባለፈው ወር ሌላ ድርጅት ለወንድሜ እንዲህ ያለ ፈተና ሰጠው። ከሦስት ስሕተቶች ሁለቱን አገኘ፤ ለሦስት ወር ሙከራም ተቀበሉት። እናታችን ግን ስለ ሦስተኛው ስሕተት እስከ ዛሬ ትጠይቀዋለች።